ክምሩ የእረፍት ጊዜ የለውም፦ የግቢ ኮምፖስት በተማሪዎች እጅ

ህሊና፦ እንኳን ደህና ቆያችሁን። የዛሬው ጨዋታችን የዩኒቨርሲቲ ግቢያቸውን ብክነት ለመቀነስ ስለሚነሱ ተማሪዎች ነው። ነገሩ ሰፊ ስለሆነ አንዱን ጫፍ እንያዝ፤ የመመገቢያ አዳራሹን ትራፊ ወደ ኮምፖስት መቀየር። ብሩክ፣ ከምን ይጀመር ትላለህ?

ብሩክ፦ ከሚዛን። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው ባለ ሦስት ቀለም የቆሻሻ ቅርጫት መደርደር ነው። ምን፣ ከየት፣ ስንት ኪሎ እንደሚጣል ሳይታወቅ የተቀመጠ ቅርጫት ግን ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ነገር የተደባለቀበት ይሆናል። ስለዚህ አምስት ተከታታይ የትምህርት ቀናት ይመረጡ። የፈተና ሳምንት ወይም የበዓል ሰሞን አይሆንም፣ የተመጋቢው ቁጥር ይዛባል።

ህሊና፦ ዕቃውስ?

ብሩክ፦ 50 ኪሎ የሚችል ሚዛን፣ ወፍራም ሸራ፣ ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ክዳን ያላቸው ባልዲዎች። እያንዳንዱ ባልዲ ባዶውን ተመዝኖ ክብደቱ በማይለቅ ቀለም ጎኑ ላይ ይጻፍ። ይህ ከተረሳ የሳምንቱ ልኬት በሙሉ በባልዲ ክብደት ተጋንኖ ይወጣል፣ ያንን ደግሞ በኋላ ማስተካከል አይቻልም።

ህሊና፦ እኔ የምጨምረው፣ ሦስቱን ምንጮች እንዳያደባልቁ ነው። ሲላጥና ሲከተፍ የሚወጣው ለብቻ፤ በስሎ ሳይቀርብ የተረፈው ለብቻ፤ ከሳህን የሚመለሰው ለብቻ። ምክንያታቸው የተለያየ ነው፣ መፍትሔያቸውም እንዲሁ።

ብሩክ፦ ልክ ነሽ። በየምግብ ሰዓቱ ስንት ሰው እንደተመገበም ይመዝገብ። ሰኞ 1,000 ሰው ተመግቦ 80 ኪሎ ተጣለ፤ አርብ 500 ሰው ተመግቦ 60 ኪሎ ተጣለ እንበል። ሲያዩት አርብ የተሻለ ይመስላል። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ግን ሰኞ 80 ግራም፣ አርብ 120 ግራም ነው።

ህሊና፦ ውጤቱን ግድግዳ ላይ ከመለጠፋቸው በፊት ለወጥ ቤቱ ኃላፊ ያሳዩት። ይሄ የአክብሮት ብቻ ሳይሆን የስልት ጉዳይም ነው። ምግብ ሲያልቅ የሚወቀሰው ወጥ ቤቱ ነው፣ ሲተርፍ ግን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ አብዝቶ ማብሰሉ ከእሱ ቦታ ሲታይ ትክክል ነው። አብረው ተቀምጠው የመጨረሻውን ዙር በትንሽ በትንሹ ማብሰል ይቻል እንደሆነ፣ መጀመሪያ አነስ አድርጎ አቅርቦ ጭማሪ ለሚፈልግ መድገም ይቻል እንደሆነ ይነጋገሩ። አብዝተው ያላበሰሉትን ምግብ ኮምፖስት ማድረግ አያስፈልግም። ከየትኛውም ክምር በፊት የሚቀድመው ይሄ ነው።

ብሩክ፦ ከዚያ የቀረው ወደ ክምሩ ይሄዳል። እዚህ ላይ ጠንከር አድርጌ መናገር የምፈልገው፣ ሥራውን የሚያቆመው የትራፊ ሳይሆን የደረቅ ነገር እጥረት መሆኑን ነው። ረቂቅ ተህዋስያኑ ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ለ1 እጅ ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። የምግብ ትራፊ ናይትሮጅኑ ይበዛል፤ ካርቦኑን የሚያመጣው የደረቀ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን፣ ሰጋቱራ ነው። በመጠን ሲለካ ለአንድ ባልዲ ትራፊ ከሁለት እስከ ሦስት ባልዲ ደረቅ።

ህሊና፦ እስቲ ወደ ቁጥር እናውርደው።

ብሩክ፦ በቀን 20 ኪሎ ልጣጭ ብንል 40 ሊትር ገደማ ነው። ከ80 እስከ 120 ሊትር ቅጠል ይበላል። በአምስት ቀን ከ400 እስከ 600 ሊትር። ቅጠል የሚረግፈው በዓመቱ የተወሰነ ወቅት ነው፣ ትራፊው ግን በየቀኑ ይመጣል። ስለዚህ በሚረግፍበት ጊዜ ሰብስቦ ዝናብ በማይነካው ቦታ ማከማቸት ያስፈልጋል። መጋዘኑ ከኮምፖስቱ ሳጥን ይበልጣል፣ ቦታ ሲጠየቅ ይህ ታስቦ ይሁን። ከ20 ኪሎ በላይም አይጀመር።

ህሊና፦ ሳጥኑስ?

ብሩክ፦ በሦስቱም አቅጣጫ አንድ አንድ ሜትር። ከዚያ ካነሰ ሙቀቱን አይዝም። አየር እንዲገባ ጎኑ ክፍተት ያለው እንጨት፣ ከታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወፈር ያለ ጭራሮ። በቀን 20 ኪሎ ሲገባ ክምሩ እየተጠቀጠቀ ስለሚሄድ አንድ ሳጥን በሁለት ሳምንት ገደማ ይሞላል። አንዱ እየተሞላ፣ ሦስቱ እየጋሉ፣ ሁለቱ እየበሰሉ ሲታሰብ ስድስት ሳጥን ነው። በሦስት ሳጥን የተጀመረ ሥራ ያልበሰለውን ለማውጣት ይገደዳል።

ህሊና፦ ምን አይግባ?

ብሩክ፦ በመጀመሪያው ዓመት ጥሬ ልጣጭ ብቻ። ሥጋ፣ አጥንት፣ ወተት ነክ፣ ዘይት አይጥ ይጠራሉ፤ ዘይት ደግሞ ትራፊውን ሸፍኖ አየር ይከለክላል። የበሰለ ምግብ ጨው አለው፣ ጨው አይበሰብስም፤ ተጠራቅሞ ችግኝ ይጎዳል። «ይበሰብሳል» የሚል የተጻፈባቸው ኩባያና ሹካዎችም ይቅሩ። በብዛት የሚሠሩት 58 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ለሳምንታት ለሚይዝ የኢንዱስትሪ ማብላያ ነው፤ ከትንሽ ክምር እንደገቡ ይወጣሉ።

ህሊና፦ አሁን ወደ ሙቀቱ። ዘንጉ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቴርሞሜትር ይገዛ፣ በግምት አይሆንም። የክምሩ ልብ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ መሆን አለበት። በሽታ አምጪዎች እንዲሞቱ የሚሠራበት ልኬት ክፍት ክምር 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለ15 ቀን ቆይቶ በመሃል አምስት ጊዜ መገልበጥ ነው። የሚገለበጠው ዳሩ ወደ መሃል እንዲገባ ነው፤ ዳሩ ቀዝቃዛ ነውና ሳይገለበጥ ከቀረ እዚያ ያለው ነገር ሙቀቱን አያገኝም። 70 ካለፈ ጠቃሚዎቹም ይሞታሉ፣ ወዲያው ተገልብጦ ውሃ ይርከፈከፍ።

ብሩክ፦ ካልሞቀስ?

ህሊና፦ መጀመሪያ እፍኝ ወስደህ ጭመቀው። ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ምንም ካልወጣና ካልተያያዘ ደርቋል። ከፈሰሰ በዝቶበታል፣ አየር ታፍኗል፣ ደረቅ ጨምረህ ገልብጥ። እርጥበቱ ደህና ሆኖ ካልሞቀ ትራፊው አንሷል ወይም ክምሩ ትንሽ ነው። ሽታውም ይናገራል። ዓይን የሚያቃጥል አሞኒያ ከሸተተ ናይትሮጅን በዝቷል፣ ካርቶን ይጨመር። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል። የታፈነ ክምር ሚቴን ያወጣል፤ ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ክብደቱን ከሚያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ትራፊው ወደ ቆሻሻ መጣያ እንዳይሄድ የፈለግነው ለዚሁ ነበር።

ብሩክ፦ ዝንብ ከመጣ ደግሞ ትራፊው ተጋልጧል ማለት ነው። በየቀኑ ከላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ቅጠል ይልበስ።

ህሊና፦ ስለ ሣር አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የታጨደ ሣር ለክምሩ ጥሩ ናይትሮጅን ነው፤ ሜዳው ግን በምን እንደተረጨ ይጠየቅ። ክሎፒራሊድና አሚኖፒራሊድ የሚባሉት ፀረ አረሞች የኮምፖስቱን ሙቀት ተቋቁመው ይወጣሉ። ኮምፖስቱ ከመሠራጨቱ በፊት ከንጹሕ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ባቄላ ይዘራበት፣ ጎን ለጎን በንጹሕ አፈር ብቻ ሌላ ይዘራ። በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ኮምፖስት ባለበት አፈር የበቀለው ባቄላ ቅጠል ብቻ ከተጠማዘዘ ኮምፖስቱ ለአትክልት አይሆንም።

ብሩክ፦ ገንዘቡን ቶሎ እንለፈው። ቆሻሻ ማንሻ የሚከፈለው በክብደት ወይም በምልልስ ከሆነ ቁጠባ ይኖራል። ከቁጠባው ስንት እጁ ወደ ሥራው እንደሚመለስ ሳጥን ከመሠራቱ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ። በኋላ ከሆነ ጠቅላላው በጀት ውስጥ ይቀልጣል። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን፣ የዩኒቨርሲቲ መሪዎች ስለ አካባቢ ጥበቃ ቃል የገቡበትን የታሎዋር መግለጫ ከፈረሙት ከ500 በላይ ተቋማት አንዱ ከሆነም ለአስተዳደሩ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ይጠቀስ፤ የአስተዳደሩ የራሱ ቃል ነው።

ህሊና፦ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን የክረምቱ እረፍት ነው። የሚያስተባብረው ተመርቆ ይሄዳል፣ የቀረው ወደ ቤቱ፤ ክምሩ ግን መገልበጥ ይፈልጋል።

ብሩክ፦ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ኃላፊነት በሁለት ሰው ይያዝ፣ አንዱ ከከፍተኛ ዓመት፣ ሌላው ከታችኛው። ሁለተኛ፣ ግቢውን የሚያስውቡት ሠራተኞች ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረው አብረው ይሥሩ፣ ሥራውም በሥራ ዝርዝራቸው ላይ ሰዓት ተመድቦለት ይጻፍ። ተጨማሪ ጫና ሆኖ በቃል ከተሰጣቸው ፍትሐዊ አይደለም፣ አይዘልቅምም።

ህሊና፦ ሦስተኛውስ?

ብሩክ፦ ወደ ኋላ መቁጠር። ትምህርት ከሚዘጋበት ቀን አራት ሳምንት ቀድሞ አዲስ ትራፊ መቀበል ይቁም። አምስቱ መገልበጫዎች በዚያ ጊዜ ይጠናቀቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መብሰል ብዙ እጅ አይፈልግም። ክምሩ በቅጠል ተሸፍኖ፣ የሙቀቱ መዝገብ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሳጥኑ ጋር ይቀመጥ። ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ቴርሞሜትሩን መሃሉ ላይ መስካት ነው። ተገልብጦ በሦስተኛው ቀን እንደገና ካልጋለ ለወንፊት ደርሷል።