ለእረፍት ውጭ አገር ስትሄዱ ኢንተርኔት በርካሽ እንዴት ታገኛላችሁ? (የማብራሪያ ቪዲዮ ጽሑፍ)

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ ጠዋት። ጋቢ የደረቡ ተሳፋሪዎች፣ መኪና ላይ የሚጫን ሻንጣ]

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደግሞ ከቦሌ ወደ ዱባይ፣ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ወይም ወደ ጂዳ የምትበሩ ሁሉ፣ ይህ ቪዲዮ ለእናንተ ነው። ከመሐል ሜዳም ሆነ ከሸዋ ሮቢት ብትነሱ ነገሩ ያው ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ለዘመድ የሚሄደው በሶና በርበሬ ተቋጥሯል። ስልኩን ግን የሚያዘጋጀው ሰው ጥቂት ነው።

ውጭ አገር ኢንተርኔት ውድ የሚሆነው በአብዛኛው ዳታው ራሱ ተወዶ አይደለም። አንዱ ጊጋባይት እንደ ገዛችሁበት ቦታ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይለያያል። ከማን እንደምትገዙ ደግሞ የምትወስኑት ኤርፖርት ደርሳችሁ ሳይሆን እዚሁ ቤታችሁ ሳላችሁ ቢሆን ይሻላል።

[ምስል፦ ቀላል ካርታ። ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መስመር]

መጀመሪያ ሮሚንግን እንረዳ። የኢትዮጵያ ሲማችሁን ይዛችሁ ዱባይ ስትወርዱ ስልካችሁ የለመደውን ኔትወርክ ያጣና የዚያን አገር ኔትወርክ ይይዛል። ያ ድርጅት እናንተን አያውቃችሁም፤ የሚያውቀው የአገራችሁን ቴሌኮም ነው። ስለዚህ የተጠቀማችሁትን መዝግቦ ሂሳቡን ለእሱ ይልካል፣ እሱ ደግሞ ከእናንተ ይቆርጣል። አብዛኛውን ጊዜ ዳታው ራሱ ጭምር ወደ አገር ቤት ኔትወርክ ዞሮ ነው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው። ከምንጃር የወጣ ጤፍ በሁለት ሦስት ደላላ እጅ አልፎ ገበያ ሲደርስ ዋጋው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ የሮሚንግ ዳታም እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ ድርጅቶቹ እርስ በርስ የሚተሳሰቡት በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ምን ያህል እንደወረደ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ በዶላር የሚታሰብ ማንኛውም አገልግሎት በብር ሲመነዘር ከበፊቱ ከብዷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሲም የያዛችሁ ናይሮቢ ስትገቡ ስሙ አንድ ስለሆነ «እዚህም የራሴ ኔትወርክ ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። እዚያ ያለው ሌላ ድርጅት ነው፤ ሲማችሁ ሮሚንግ ላይ ነው። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 700 ላይ ይመልሱላችኋል። ለተጓዥ የተዘጋጀ ጥቅል ካለም በዚያው ጠይቁ፤ ለሁለት ቀን ብቻ ለሚሄድ ሰው አንዳንዴ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው።

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን፣ የሲም ማስተካከያ ገጽ]

«እንግዲያው የኢትዮጵያ ሲሜን አውጥቼ ቤት ላስቀምጠው?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አይሆንም፣ ይዛችሁት ሂዱ። ባንካችሁ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በዚያ መስመር ነው። ውጭ ሆናችሁ ከባንክ ሂሳባችሁ ገንዘብ ልታስተላልፉ ብትፈልጉ ያ ቁጥር ካልደረሳችሁ ቆማችሁ መቅረት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ፣ ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ። አንደኛው የሮሚንግ አገልግሎት ነው። ይህ ቴሌኮሙ ለመስመራችሁ የሚከፍተው ነው፤ ካልተከፈተ ውጭ አገር መልእክት እንኳ አይገባም። ከመነሳታችሁ በፊት አስከፍቱት። ሁለተኛው ስልካችሁ ውስጥ ያለው «ዳታ ሮሚንግ» የሚባለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ገንዘብ የሚበላው እሱ ነውና በኢትዮጵያው ሲም ላይ አጥፉት። አብዛኛውን ጊዜ አጭር መልእክት መቀበል አያስከፍልም። ጥሪ ማንሳት ግን ያስከፍላል፤ ስለዚህ ጠርቶ ያልተነሳለት ዘመድ እንዳይቀየም አስቀድማችሁ ንገሩት፣ በቴሌግራም መልእክት ይላክላችሁ።

ሁለት ሲም ከገባ ደግሞ ስልኩ አንዱ ሲደክምበት በራሱ ወደ ሌላው ሲም ዳታ የሚዘልበት ማስተካከያ አለ። አይፎንም ሳምሰንግም ላይ አለ። አጥፉት። ዳታ ሮሚንጉን አጥፍታችሁ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ሁለቱም በርተው ሲገኙ ግን ሳታውቁት ሂሳቡ በአገር ቤቱ ሲም ላይ ይቆጥራል።

[ምስል፦ ኤርፖርት ውስጥ የሲም ሱቅ፣ ፓስፖርት የያዘ እጅ]

ከሳምንት በላይ አንድ አገር የምትቆዩ ከሆነ እኔ የምመክረው የዚያኑ አገር ሲም መግዛት ነው። ለኬንያም፣ ለሳዑዲም፣ ለኤምሬትስም። አገሬው በሚገዛበት ዋጋ ወይም ለዚያ በሚቀርብ ዋጋ ትገዛላችሁ፣ ደላላው ከመሐል ይወጣል። ፓስፖርት ያስፈልጋል። ሳዑዲ ላይ አሻራም ይወሰዳል፤ ስለዚህ ለዑምራ የሚሄዱ እናትና አባት ሲማቸውን ራሳቸው ቀርበው ማውጣት አለባቸው፣ ልጅ ሄዶ አይገዛላቸውም። ኤርፖርት ውስጥ ያለው ሱቅ ለቱሪስት የተቆረጠ ጥቅል ነው የሚያቀርበው፤ ምቹ ነው፣ ግን ከተማ ውስጥ ካለው ብዙ ጊዜ ይወደዳል። የሚቀበላችሁ ሰው ካለ ከከተማ ግዙ። ከሱቁ ሳትወጡ ግን ዋይፋይ አጥፍታችሁ አንድ ገጽ ክፈቱ፤ ጥቅሉ ስንት ጊጋባይት እንደሆነና ለስንት ቀን እንደሚያገለግል ሻጩ ስክሪኑ ላይ ያሳያችሁ።

አውሮፓ ልጅ ለመጠየቅ የምትሄዱ ደስ የሚል ነገር አላችሁ። ከሰኔ 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አንድ አገር የተገዛ ሲም በሌሎቹም አባል አገራት በአገሩ ዋጋ ይሠራል፤ የዳታ ገደብ ሊኖረው ይችላል እንጂ ተጨማሪ የሮሚንግ ሂሳብ የለም። ሮም የገዛችሁት ፍራንክፈርትም ይሠራል። ስዊዘርላንድና እንግሊዝ ግን በዚህ ሕግ ውስጥ የሉም።

[ምስል፦ ስልክ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ መሰላል ሲደወል]

አሁን ወደ ኢሲም። ይህ የሚገባ የሚወጣ ፕላስቲክ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የተሠራ ሲም ነው፤ ኪውአር ኮድ ስካን ታደርጋላችሁ፣ መስመሩ ይጫናል። ስልካችሁ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ *#06# ደውሉ። የሚመጣው ገጽ ላይ አይኤምኢአይ ከሚሉት ቁጥሮች ሌላ «ኢአይዲ» የሚል ረጅም ቁጥር ካለ ስልካችሁ ኢሲም ይቀበላል። ከሌለ አይቀበልም፤ በርካታ ርካሽ ስልኮች የላቸውም። አይፎን ከኤክስ አር፣ ሳምሰንግ ጋላክሲ ከኤስ 20 ወዲህ በአብዛኛው አላቸው።

ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ስልክ የያዛችሁ ይህን በደንብ ስሙኝ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አይፎን 14 እና ከእሱ በኋላ የመጡት የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ ጭራሽ የላቸውም። ናይሮቢ ሱቅ ገብታችሁ ፕላስቲክ ሲም ብትገዙ የምታስገቡበት የለም፤ «ኢሲም ስጡኝ» ማለት አለባችሁ። አንዳንዱ ስልክ ደግሞ ለአንድ የአሜሪካ ድርጅት ብቻ የተቆለፈ ነው። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ገብታችሁ «ካሪየር ሎክ» የሚለውን እዩ። «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ነፃ ነው። ሌላ ነገር ካለ የላከላችሁ ሰው እዚያው አሜሪካ ያስከፍትላችሁ።

እንደ ኤራሎ ያሉ የተጓዥ ኢሲም ሻጮች ከመነሳታችሁ በፊት ይሸጡላችኋል። ችግሩ ክፍያው ነው፤ በዓለም አቀፍ ካርድ ነው የሚከፈለው፣ የእጃችን ኤቲኤም ካርድ አብዛኛው በብር ብቻ ይሠራል። ለጉዞ ዶላር ስትገዙ ባንካችሁ በካርድ ጭኖ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። ካልሆነ ውጭ ያለው ወንድም ወይም እህት ይግዛና ኪውአር ኮዱን በቴሌግራም ይላክ። ኮዱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነውና ለሙከራ ብላችሁ በሌላ ስልክ አታንሱት። የራሱን ስክሪን ስካን ማድረግ የማይችል ስልክ ካላችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ በወረቀት አሳትሙት። የምትጭኑት እዚሁ፣ ጥሩ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ይሁን። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከተጫነበት ነው ወይስ እዚያ ደርሶ ኔትወርክ ከያዘበት? ይህንን ሻጩ የጻፈው ላይ አንብቡ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ የተጓዥ ኢሲም ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በሮሚንግ ነው የሚሠራው። ስለዚህ በኢሲሙ መስመር ላይ ዳታ ሮሚንግ መብራት አለበት፣ በኢትዮጵያው ሲም ላይ ደግሞ መጥፋት አለበት። ሁለቱንም አጥፍቶ «ተታለልኩ» የሚል አለ። ሁለቱንም የሚያበራ ደግሞ አለ፣ እሱ ይብሳል። እንዲህ ያለው ኢሲም ስልክ ቁጥር ስለማይኖረው ዋትሳፕና ቴሌግራም «ቁጥርህ ተቀየረ ወይ?» ቢሏችሁ በድሮው ቀጥሉ።

[ምስል፦ የቴሌግራም ዝርዝር፤ የሰንበቴ፣ የዕድር፣ የመዝሙር ግሩፖች]

ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ለመሳለም የምትሄድ አንዲት እናት ስልክ ብንከፍት ይህን እናያለን፦ የሰንበቴው ግሩፕ፣ የሠፈሩ ዕድር፣ የመዝሙር ቻናል፣ የቤተሰቡ ግሩፕ። በየአንዳንዱ ቪዲዮ ይለቀቃል፣ ስልኩም ሳይጠየቅ ያወርዳል። እትዬ ጎልጎታ ቆመው ሲጸልዩ ቦርሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ጥቅሉን ይጨርሳል። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዳታና ስቶሬጅ ግቡ፤ አንድሮይድ ላይ በራሱ የሚያወርድበት ለሞባይል ዳታ፣ ለዋይፋይና ለሮሚንግ ለየብቻ ተቀምጧል። የሞባይል ዳታውንም የሮሚንጉንም አጥፉ፤ የአገሬው ሲም እንደ ሞባይል ዳታ፣ የተጓዥ ኢሲም ደግሞ እንደ ሮሚንግ ይቆጠራልና። ዋትሳፕም ተመሳሳይ አለው። ጎግል ፎቶስና አይክላውድ ፎቶ የሚያስቀምጡት በዋይፋይ ብቻ ይሁን።

ስንት ጊጋባይት ይበቃል? በድምፅ ብቻ በዋትሳፕ መደወል በደቂቃ በግምት ግማሽ ሜጋባይት ነው፤ አንድ ሰዓት ብታወሩ 30 ሜጋባይት ገደማ። ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዩቲዩብ በመካከለኛ ጥራት በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት አካባቢ ይወስዳል። ቪዲዮ ለሆቴል ዋይፋይ የሚተው ሰው በጥቂት ጊጋባይት ሳምንት ይከርማል። የምትሄዱበትን ከተማ ካርታ ጎግል ማፕስ ላይ ከቤት አውርዱት፤ ያለ ኔትወርክም መንገድ ያሳያል።

ዱባይ ለምትሄዱ አንድ ማሳሰቢያ። ኤምሬትስ ውስጥ በአገሬው ኔትወርክ የዋትሳፕ ጥሪ ዝግ ነው። ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ይሄዳል፣ ጥሪው ግን አይሄድም። እዚያ ያሉ ልጆቻችን ቦቲም የሚባለውን የመደወያ መተግበሪያ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት እናንተም ጫኑት፣ ቤት ለሚቀሩትም ጫኑላቸው። ወላጆች ገና ሳትነሱ አንድ ጊዜ ደውለው ይልመዱት።

[ምስል፦ ከስልክ የወጣ ሲም፣ አጠገቡ ፓስፖርት]

ስትመለሱ የውጭውን ሲም ለማታውቁት ሰው ሰጥታችሁ ወይም ሆቴል ጥላችሁ አትምጡ። የተመዘገበው በፓስፖርታችሁ ነው፤ በዚያ ቁጥር የሚሠራ ማናቸውም ነገር በእናንተ ስም ነው የሚጠየቀው። እንደገና የምትሄዱ ከሆነ በስንት ጊዜ ካልተሞላ እንደሚዘጋ ሻጩን ጠይቁ፤ የማትሄዱ ከሆነ ግን እዚያው ሳላችሁ አዘጉት።