ጥያቄው ለማን ነበር?

እሺ... እንዴት ዋላችሁ። ዛሬም መሪ ስለ ማብቃት ነው፤ አዎ፣ እንደገና። ሥልጠና ሲባል መጀመሪያ ምን እንደሚጠየቅ ታውቃላችሁ፤ አበሉን ዛሬ አላነሳም። አነሳሁት መሰለኝ። ይሁን።

አልለቅ ያለችኝ አንዲት ቅጽበት ናት። ቡሬ ያለ የምርት ክፍል በሉት፣ ደብረ ማርቆስ ያለ ቢሮ በሉት፣ ያው ነው። የሰኞ ጠዋት ስብሰባ። ቡድን መሪው የሹመት ደብዳቤው ከደረሰው ሳምንቱ ነው። የመምሪያ ኃላፊውም አሉ። አንድ ሠራተኛ ይጠይቃል፦ «ማታ ፈረቃ ሰው ጎድሏል፤ ከቀን እናምጣ ወይስ ትርፍ ሰዓት እናሠራ?» ዓይኑ የት ነው? ኃላፊው ላይ። እሳቸው ደግሞ መልሱን ያውቁታል፣ 20 ዓመት ሠርተውበታል። 3 ሰከንድ ያህል... ከዚያ «ትርፍ ሰዓት ይሁን»። መልሱ ልክ ነው ደግሞ! እሱ ነው የሚያናድደው።

ቀስ ብለን እንየው። በዚያች 3 ሰከንድ ቤቱ ያለው ሰው በሙሉ ጥያቄ ወዴት እንደሚሄድ ተማረ። ከእንግዲህ ቡድን መሪው ቢመልስ እንኳ ሠራተኛው ወጥቶ ኃላፊውን ያረጋግጣል። ከወር በኋላ «ልጁ አይወስንም» ይባላል። ልጁ እኮ ባሕር ዳር ሆቴል ገብቶ 5 ቀን ስለ ሥልጣን ውክልና ሠልጥኗል፤ ሰርተፊኬቱ አለ፣ የጋራ ፎቶውም አለ።

ኃላፊው ወደ ቡድን መሪው ዞረው ዝም ማለት ነበረባቸው። መልሱ ቢሳሳትም፣ ጉዳቱ የሚመለስ እስከሆነ ድረስ፣ እዚያው አለማረም። እርማቱ ስብሰባው ሲያልቅ፣ ለብቻ፣ በዚያው ቀን።

ዝምታ ብቻውን ግን አይሠራም። ከሹመቱ በፊት አንድ ገጽ ይጻፍ፣ 3 ዓምድ፦ ብቻህን የምትወስነው፣ ወስነህ የምታሳውቀኝ፣ ሳትጠይቀኝ የማትነካው። ፈረቃ መቀየር አንደኛው ውስጥ፣ ትርፍ ሰዓት እስከዚህ ብር ሁለተኛው፣ ቅጥርና ስንብት ሦስተኛው። ብሩ በአኃዝ ይቀመጥ። «አነስተኛ ወጪ» ከተባለ፣ የሚፈራ ሰው ሁሉንም ሦስተኛው ውስጥ ይከተዋል። ሠራተኞቹም ወረቀቱን ይዩት፤ መሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈ ዓይናቸው ከኃላፊው ላይ አይነሳም። ከዚያ በሳምንት 30 ደቂቃ ለብቻ መቀመጥ፤ ሪፖርት ለመስማት አይደለም፣ «የቱ ውሳኔ ከበደህ?» ለማለት። በየሁለት ወሩ ከሦስተኛው ዓምድ አንዱን ወደ ሁለተኛው ማሻገር። ደግሞ የድሮ ሥራውን የሚረከብ ሰው ይመደብ! ጎበዙ ጥገና ባለሙያ አለቃ ሲሆን መፍቻውን ካልተረከባችሁት ማሽኑ ሥር ነው የምታገኙት፤ የሚመሰገነው እዚያ ነዋ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ተቀጣሪ እስከ 60 የሥራ ቀን በሙከራ እንዲታይ ይፈቅዳል። አለቃ ሲሆን ግን ደብዳቤውም ዛሬ፣ ሥራውም ዛሬ። እንዲያውም ቅኔ ቤቱን ተመልከቱ፣ እዚሁ ጎጃም ያሉትን ዋሸራን፣ ዲማን። ተማሪው ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት ይጀምራል፣ ወደ ረጅሙ ይወጣል፦ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት፤ በመካከል ያለውን ሳይወጣ የሚዘል የለም። የበሰለው ተማሪም መምህር ከመሆኑ በፊት አስነጋሪ ሆኖ የታናናሾቹን ቅኔ ይሰማል፣ ያርማል፤ መምህሩ ቅርብ ናቸው። ...ተውት፣ የቅኔ ተማሪን ኑሮ ያስናፈቅሁ እንዳይመስል፤ እህል ሲለምን የሚያባርረው ውሻውም አለ።

ሌላው የዕድሜው ነገር ነው። ቡድን መሪው 28፣ ሠራተኛው 55። አንቱታው አይቀርም፣ ይቅርም አልልም። «አያ፣ ትናንት ሚዛኑ ሳይታይ ጭነቱ ወጣ፤ 3 ኩንታል ተመለሰብን፤ ነገ ከመፈረምዎ በፊት ይዩልኝ።» የሆነው፣ ያስከተለው፣ የሚፈለገው። ስብሰባ ላይ «ሁላችንም መሻሻል አለብን» ማለት ግን... ማንን ነው?

ወደ ኃላፊው ልመለስ። ክብራቸው እኮ በራቸው ላይ በሚሰለፈው ሰው ነው የሚለካው። ጥያቄውን ሁሉ ለልጁ ከለቀቁ ለእሳቸው ምን ተተካላቸው? ምዘናቸው ላይ «ስንት ውሳኔ ለበታቾችዎ ለቀቁ» የሚል መስመር ይጨመር ልል ነበር፤ ግን እሱም ቅጽ ሆኖ ይሞላል፣ «ውጤት ተኮር» የተባለውን ምዘና አይተነዋል። ወይ መጀመሪያ እሳቸውን ማሠልጠን... አይ፣ የእሳቸውም አለቃ ስብሰባ ላይ ቀድመዋቸው ነው የሚመልሱት። እንዲህ እያልን ክልል ድረስ ልንወጣ ነው። እንጃ፣ ከየትኛው ደረጃ ነው የሚጀመረው...