ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ውሃው ይሞላ

የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬው ስልካችን ሁሉ ስለ መዋኛ ገንዳና ስለ ግቢ ማስዋብ ነበር። የድሬዳዋ ሙቀት ባይኖር ማን ያነሳው ነበር! ከተነሱት ጥያቄዎች አራቱን ከነመልሳቸው እነሆ።

ከሳቢያን የደወሉ እናት፦ ኢንጂነር፣ ልጄ ከውጭ ብር ይልካል፣ የማሠራው እኔ ነኝ። 8 በ4 ሜትር የሆነ ገንዳ ከነአትክልቱ የሚሠራ ኮንትራክተር አግኝተን ዋጋውን በጥቅል ነገረን። ግማሹን ካልከፈላችሁ አልጀምርም ይላል። ልስጠው?

መልስ፦ እናቴ፣ ገና ነው፣ አይስጡት። የቁፋሮው ጥልቀት፣ የፌሮው ውፍረት፣ የሲሚንቶው መጠን፣ የፓምፑ ጉልበት ሳይጻፍ የተነገረ ዋጋ መሐል ላይ «ይሄማ በሒሳቡ አልነበረም» ያስከትላል። መጀመሪያ ፕላኑ ከነሥራ ዝርዝሩ ይምጣ። በዚያው ዝርዝር ሌሎች ሁለት ባለሙያዎችም ዋጋ ይስጡ። አለዚያ የሚያወዳድሩት ነገር የለዎትም። የግንባታ ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣም ውሉ ላይ ይግባ።

ቅድመ ክፍያው ከ30 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የቀረው ሥራው በደረሰበት ልክ ይከፈላል፤ ከፍ ያለው ድርሻ ግን ከውሃ ሙከራ በፊት ከእጅዎ እንዳይወጣ። ሙከራው እንዲህ ነው፦ አርማታው ከጠነከረ በኋላ፣ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ገንዳው ይሞላል፣ የውሃው ልክ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፣ ለአንድ ሳምንት ይተዋል። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ስንጥቅ መፈለግ ሁሉንም መፈነቃቀል ነው። «ውሃ ውድ ነው፣ ሁለት ጊዜ አንሞላም» ማለታቸው አይቀርም። ውድነቱስ እውነት ነው። የእርስዎ ገንዳ በአማካይ 1.4 ሜትር ቢጠልቅ 45 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ አራት ጊዜ ተመላልሶም አይሞላውም። ግን የሙከራው ውሃ አይደፋም፤ የእግር መንገዱና አጥሩ ሲሠራ አርማታ ይጠጣዋል።

አርማታ ካልኩ አይቀር፣ ከተሞላበት ማግስት ጀምሮ ቢያንስ 7 ቀን ጆንያ ለብሶ ውሃ ይጠጣ። በኛ ፀሐይ ይህን የዘለለ ሠራተኛ የሚያስረክብዎ ስንጥቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ተቋራጩን ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ኃላፊ ያደርገዋል። «አፈሩ ነው ያበላሸው» ብሎም አያመልጥም። ውሉ ላይ ዋስትናውን ለአንድ ዓመት ብቻ ብሎ ቢያሳጥረው እንኳ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም።

ከከዚራ፣ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ወጣት፦ አቦ ኢንጂነር፣ ገንዳችን በየቀኑ ይቀንሳል። የሠራው ሰውዬ «ትነት ነው» ይላል። ጠርዙ ዙሪያ ደግሞ ነጭ ነገር ይዟል።

መልስ፦ ሰውዬው ልክ ሊሆን ይችላል፣ ሊዋሽህም ይችላል። ባልዲ ይፍረዳችሁ። ባልዲውን ከገንዳው ውሃ ሙላና የገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጠው፤ የውስጡና የውጪው ውሃ እኩል ይሁን። ሁለቱንም ምልክት አድርግባቸው፣ ፓምፑን አጥፋ፣ ማንም አይግባበት። ከ24 ሰዓት በኋላ ሁለቱ እኩል ከወረዱ ትነት ነው። የገንዳው ከበለጠ ያፈሳል፤ ያኔ ፍለጋህን ቱቦዎቹ ግድግዳውን ከሚያልፉበትና ከመብራቶቹ ዙሪያ ጀምር። በነገራችን ላይ ትነትም ቀላል አይደለም። ከ32 ካሬ ሜትር ገንዳ ላይ በቀን 6 ሚሊሜትር ብቻ ቢተን 190 ሊትር ነው፣ አንድ በርሜል ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ነጩ ነገር ኖራ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እየው፣ ያው ነው። ውሃው ሲተን ኖራው እዚያው ይቀራል፣ በላዩ ስትጨምርበት ደግሞ ሌላ ኖራ ትጨምራለህ። የውሃውን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያውን፣ ከ7.2 እስከ 7.6 ጠብቀው፣ ጠርዙን ሳይጠነክርበት በኮምጣጤ እሸው። ገና ያላሠራችሁ ካላችሁ ጥቁር ሰማያዊ ሴራሚክ አትምረጡ፤ ኖራው ጎልቶ የሚታየው እሱ ላይ ነው።

ከደቻቱ ወንዝ ዳር፦ ግቢውን በአፈር ሞልቶ ከፍ እናድርገው፣ የጎርፍ መውረጃውንም ደፍነን ሣር እንዝራበት ተባልን።

መልስ፦ መውረጃውን እንዳትነኩት! በ1998 ክረምት በሌሊት ከላይ ከተራራው የወረደውን ጎርፍ እናንተ ሠፈር የረሳው ሰው ያለ አይመስለኝም። ግቢያችሁን ከፍ ስታደርጉ ውሃው ወደ ጎረቤት ይዞራል። መሬቱ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ቢወርድ ይበቃል። ገንዳ ካላችሁ ደግሞ በዝናብ ወቅት ባዶውን አትተዉት፤ ከሥሩ የሚጠራቀመው ውሃ ገንዳውን ወደ ላይ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል።

ከሐረር፣ ከጁገል ግንብ ውጭ የሚኖሩ እህት፦ ግቢያችን ዳገት ነው። ኮንትራክተሩ ሙሉውን ሣር ላልብሰው ይለኛል። የቧንቧ ውሃ ግን በፈረቃ ነው የምናገኘው።

መልስ፦ እህቴ፣ በፈረቃ ውሃ ሣር አይያዝም። ግቢውን በእርከን ያሠሩት፤ በድንጋይ እርከን ሐረርጌን የሚያስተምር የለም። እርከኑ ላይ ሮማን፣ ዘይቱን፣ ቡጋንቪላ ይትከሉ። የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ወደ ሮቶ ይሰብስቡ። ግንበኛውን ሲያነጋግሩ ደግሞ የድንጋይ ግንቡ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ በስንት ሜትር ርቀት እንደሚተው ይጠይቁት። «ቀዳዳ ለምኑ?» ካለዎት ሌላ ግንበኛ ይፈልጉ።