ሙጫው ያልያዛት ጀልባ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ድምፄ ጎርነን ቢልባችሁ ጉንፋን አይደለም፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ስፍቅ የዋልኩት የፋይበርግላስ፣ ማለትም በሙጫ የጠነከረ የመስታወት ክር፣ ብናኝ ነው። አፌን በነጠላ ሸፍኜ ነበር። ነጠላ ለአቧራ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ደህና ጭምብል ግዙ።

ያለሁት ሐይቅ የሚባለው ቦታ ነው፤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከእስጢፋኖስ ገዳም ትይዩ። ጀልባዋ የአጎቴ ናት፤ እኛ አያ ነው የምንላቸው። ዓሣ አስግረውባታል፣ ሰው አሻግረውባታል። አካሏ ፋይበርግላስ ነው፤ ሆዷ ላይ ሁለት ስንዝር ተሰንጥቋል።

አምና እኔው ጠግኛት ነበር። የመኪና መከላከያ የሚጠግን አንድ ባለሙያ የሚጠቀምበትን ፖሊስተር ሬዚን፣ ማጠንከሪያ ሲገባበት የሚደርቅ ፈሳሽ ሙጫ፣ ገዛሁ። «አብሽር፣ ድንጋይ ነው የሚሆነው» አለኝ። እውነትም ድንጋይ ሆነ። በሁለተኛው ወር ጫፉን ብይዘው እንጀራ ከምጣድ እንደሚነሣ ሙሉው ተነሣ። ከሥሩ ያለው አሮጌ አካል ምንም ያልነካው ይመስል አብረቀረቀ።

ጥፋቱ የባለሙያው አልነበረም። ጀልባዋ መጀመሪያ ስትሠራ አንዱ ንጣፍ ሳይደርቅ ሌላው ስለተደረበበት እርስ በርስ ተዋሕደዋል። ዓመታት የቆየ አካል ግን ደርቆ አብቅቷል፤ አዲሱ ፖሊስተር የሚይዘው አካሉ ሲፋቅ በሚወጣው ጭረት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የፋቅሁት ቀለሙን ብቻ ነበር፤ እርጥበቱም በቅጡ አልወጣም።

ዘንድሮ ኢፖክሲ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሙጫ ገዛሁ። ዋጋው ያንገበግባል፤ ደጋግሜ ከሱቁ ወጥቼ ተመልሻለሁ። አሮጌ አካል ላይ ግን ከፖሊስተር ይበልጥ ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ያን ያህል አይኮማተርም። አምና የተረፈኝ 3 ሜትር ምንጣፍ መሰል ፋይበር ነበር፤ ያ የተበታተነ ክሩ በማያያዣ የተጣበቀው። እሱን ልጠቀም ስል ነገሩ ገባኝ፤ ማያያዣው የሚሟሟው ፖሊስተር ውስጥ ባለው ስቲሪን በተባለ ፈሳሽ ነው፤ በኢፖክሲ እንደገተረ ይቀራል። ቆጨኝ፣ ግን የተሸመነውን ጨርቅ ገዛሁ።

የመቀላቀሉ ሥራ ሌላ ጉድ ነው። ለፖሊስተር ማጠንከሪያው ከ100 እጅ 1 ወይም 2 ነው፤ ሲበርድ በዚያው ልክ ትንሽ መጨመር ይቻላል። ኢፖክሲ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። 2 ለ1 ከተባለ 2 ለ1 ነው፤ እንዲፈጥን ብላችሁ ማጠንከሪያ ብታበዙ እንደተዝለገለገ ይቀራል። የሐይቅ ሌሊት ስለሚበርድ ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው የምጀምረው። አንድ ጊዜ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ብዙ ቀላቅዬ በአንድ ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ተውኩት፤ ሙቀቱ ፕላስቲኩን አቅልጦ ጭስ አወጣ። አሁን በጥቂት በጥቂቱ፣ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ነው የማፈሰው።

አያ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ዋሉ። የስንጥቁን ጠርዝ እያሳሳሁ ወደ ውጭ ስሄድ አላስቻላቸውም።

«ቀዳዳ ልትደፍን መጥተህ ታሰፋዋለህ?»

«አያ፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየጎኑ 60 ሚሊ ሜትር ድረስ መሳሳት አለበት፤ የሚጣበቅበት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል» አልኳቸው።

«አምና ለምን አላደረግኸውም?»

መልስ አልነበረኝም። ሰነፍኩ ማለት አፈርኩ፤ ለእናንተ ግን ነገርኳችሁ።

ሁሉ ሰው ኢፖክሲ ይግዛ አልልም። በደንብ ተፍቆና ደርቆ ከሆነ፣ ገንዘብም ካጠረ፣ ፖሊስተርም ያገለግላል። የእኔ ግን ውኃ ውስጥ የሚውል ሆድ ነው፤ በላዩም ሰው ይቀመጣል።

ቀለም ገና ይቀራል፤ ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም። አያ የድሮው አረንጓዴ ይሁን ብለዋል። ትናንት ማታ ጀልባዋ ዘንድ ሄጄ ሳይ፣ ጎንበስ ብለው የጥገናውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሊያነሡት ሲታገሉ አገኘኋቸው። አልተነሣም። ቀና ብለው አዩኝና «መቅዘፊያው የት ነው ያለው?» አሉ።