ዳማ ኬክ ከካርቶን ዱቄት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ የማወራውም ስለ ኬክ ነው። ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ዳማ ገበታ ነጭና ቡናማ ሆኖ ስለሚታየው ኬክ።

በካርቶን ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የኬክ ዱቄት የሚንቁ ሰዎች አሉ። «እሱማ ምን ሙያ አለው?» ይላሉ። እኔ እንጃ። ጣዕሙን ካርቶኑ ይጨርስልኝ፤ የዚህ ኬክ ሙያ መቁረጡና መገጣጠሙ ላይ ነው።

ችግሩ ልስላሴው ነው። ለመብላት ደስ ይላል፣ ቀለበት አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ስታነሱት ግን እጃችሁ ላይ ይፈረፈራል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ እጥሳለሁ። በውሃው ፋንታ ወተት፣ በዘይቱ ፋንታ በዚያው ልክ የቀለጠ ቅቤ አደርጋለሁ። አንድ እንቁላልም እጨምራለሁ፤ ሲጋገር ሊጡን አጥብቆ ይይዘዋል። ቅቤው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ዘይት ፍሪጅ ገብቶም አይጠጥርም፣ ቅቤ ግን ይጠጥራል። በደንብ የቀዘቀዘ የቅቤ ኬክ ቢላዋ ይችላል።

ሁለት ካርቶን በቂ ነው፣ አንድ ቫኒላ፣ አንድ ቸኮሌት። ከእያንዳንዱ ወርዳቸው 20 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት ክብ ኬኮች ይወጣሉ። በ160 ዲግሪ ቀስ ብለው ይብሰሉ፤ እሳት ሲበዛ ጠርዙ ቶሎ ይደርቅና መሃሉ ያብጣል። ካበጠም ከቀዘቀዘ በኋላ በመጋዝ ቢላዋ ማስተካከል ነው።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። ከወረቀት ሁለት ክብ ቁረጡ፣ አንዱ 12፣ ሌላው 4 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው። ኬኩ መሃል ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያቸውን ቁረጡ። የውጭ ቀለበት፣ የመሃል ቀለበትና አንድ ትንሽ ክብ ታገኛላችሁ። ሁሉን ነገር ማዘዋወር ያለባችሁ ይመስላችኋል አይደል? የለባችሁም! የመሃሉን ቀለበት ብቻ አቀያይሩ። የቸኮሌቱ ወደ ቫኒላው፣ የቫኒላው ወደ ቸኮሌቱ። በቃ። ይሄን ሳስበው አሁንም ፈገግ እላለሁ።

እያንዳንዱ ኬክ ከፍታው ወደ 4 ሴንቲሜትር ከሆነ መሃሉን ከላይ ወደ ታች ለሁለት ስትሰነጥቁት በየደርቡ አምስት አራት ማዕዘን ይታያል። ከፍታው ካነሰ ዳማው ይጨፈለቃል። ምንም አይደለም፣ ይበላል።

ቀለበቶቹ በሚነካኩበት ጠርዝ ላይ ስስ ክሬም ቀቡ፣ እንደ ሙጫ ይይዛቸዋል። ስስ ያልኩት ወድጄ አይደለም፤ ከወፈረ በነጩና በቡናማው መካከል መስመር ሆኖ ይታያል። ስትደርቡ አንዱን ውጩ ነጭ፣ ቀጣዩን ውጩ ቡናማ እያደረጋችሁ አፈራርቁ። ከዚያ ላዩን ስስ ክሬም ቀብታችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ሲጠነክር ዋናውን ክሬም ትቀባላችሁ።

ላዩን ማስዋብ አልወድም። እንግዳ ሰው ተራ ኬክ መስሎት ይቁረጠው እንጂ።