ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ለምን ያዞራል? ለምንስ ያንገዳግዳል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ፕሮግራም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ያተኮሩት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ሰዎች ከአደጋ ተርፈው፣ ቁስላቸው ደርቆ፣ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ መሬቱ ስለማይረጋላቸው ተጨንቀው ነው የሚደውሉት። በፊዚዮቴራፒ ሙያዬ በየቀኑ የማገኘው ችግር ስለሆነ ጊዜ ወስጄ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው የምደውለው፣ 34 ዓመቴ ነው። ከስምንት ወር በፊት ከሞተር ወድቄ ራሴን ስቼ ነበር። ሲቲ ስካኑ ደህና ነው ተብዬ ወጣሁ። ግን ስራመድ ወደ ግራ ይወስደኛል፤ ገበያ ውስጥማ ጭራሽ ይብስብኛል። የሰፈሩ ሰው «ይሄ ልጅ መጠጥ ጀመረ» ማለቱን ስሰማ ከቤት መውጣት ተውኩ። ይለቀኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሲቲ ስካኑ ደህና ነው ማለት ሕመም የለብህም ማለት አይደለም። ሲቲ ስካን በዋናነት የሚያሳየን የደም መፍሰስን፣ የአጥንት ስብራትንና ትልልቅ ጉዳቶችን ነው። ጭንቅላት በኃይል ሲናጥ የሚጎዱት ቀጫጭን የነርቭ ክሮችና የውስጥ ጆሮ ብዙ ጊዜ በዚያ ምስል ላይ አይታዩም። «ምንም የለህም፣ ሐሳብ ነው» የሚልህ ካለ አትቀበለው።

ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከሦስት ቦታ በሚመጣ መረጃ ነው። ዓይን አካባቢውን ያያል። የውስጥ ጆሮ ጭንቅላታችን ወዴት እንደዞረና እንደተንቀሳቀሰ ይነግረናል። እግርና መገጣጠሚያ ደግሞ የረገጥነው ምን እንደሆነ ይሰማቸዋል። እነዚህን የሚያስታርቀው አንጎል ነው፤ በተለይም ከኋላ በኩል ያለው ትንሹ አንጎልና ከሥሩ ያለው የአንጎል ግንድ። በአደጋ ምክንያት አንዱ መረጃ ሲዛባ አንጎል ዓይን ላይ አብዝቶ ይደገፋል። ገበያ ውስጥ ሰውም ጋሪም ባጃጅም በአንድ ጊዜ ሲተራመስ ግን ዓይን የሚይዘው ቋሚ ነገር ያጣል። ለዚህ ነው እዚያ የሚብስብህ። ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ወይም ፊትህን ስትታጠብ ዓይንህን ስትጨፍን የምትንገዳገድ ከሆነም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ የምትደገፍበት ዓይን ለጊዜው ተነሥቶብሃል።

ይለቀኛል ወይ ላልከው፣ ብዙ ሰው በእጅጉ ይሻለዋል። መሻሻሉ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ ግን በሩ አይዘጋም፣ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የተሻሻሉ ሰዎችን አክሜአለሁ። አሁን መሻሻልህን እያዘገየ ያለው ትልቁ ነገር ከቤት አለመውጣትህ ነው ብዬ አምናለሁ። አንጎል ሚዛንን እንደገና የሚማረው ጭንቅላት ሲንቀሳቀስና ስሕተቱን ሲያይ ነው። ሳትንቀሳቀስ ስትቀር ማዞሩ ጋብ ያለ ይመስላል እንጂ ትምህርቱም አብሮ ይቆማል። ይህ ዛሬ የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ በ1940ዎቹ በእንግሊዝ አገር ኮውቶርንና ኩክሲ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ጭንቅላታቸውን የተጎዱ ወታደሮችን ከአልጋ አስነሥተው በዓይን፣ በአንገትና በእርምጃ እንቅስቃሴ ማሠልጠን ጀምረው ነበር። አሁን የምንጠቀምበት ሕክምና ከዚያ የተወረሰ ነው።

አንዱን ላሳይህ። በትንሽ ካርቶን ላይ አንድ ፊደል፣ «ሀ» እንበል፣ በደማቁ ጻፍና በዓይንህ ትክክል፣ ክንድህ እስከሚደርስበት ርቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈው። ተቀመጥ። ዓይንህን ከፊደሉ ሳትነቅል ጭንቅላትህን «አይሆንም» እንደሚል ሰው ግራና ቀኝ አወዛውዝ። ፊደሉ ሳይደበዝዝብህ የምትችለውን ያህል ፍጥነት ያዝ፤ ከደበዘዘ ቀስ በል። ሠላሳ ሰከንድ ከሠራህ በኋላ ዕረፍ፣ ከዚያ «እሺ» እንደሚል ሰው ወደ ላይና ወደ ታች አድርገው። ይህን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሥራ። ሲለምድህ ቆመህ፣ ቀጥሎ እግርህን ገጥመህ፣ ከዚያ ትራስ ላይ ቆመህ ሥራው። ቆመህ ስትሠራ የግድግዳ ጥግ ላይ ጀርባህን ሰጥተህ፣ ፊት ለፊትህ ወንበር አስቀምጠህ ይሁን፤ ካርቶኑን ከወንበሩ መደገፊያ በላይ በእጅህ ትይዘዋለህ። ጥቂት ቢያዞርህ አትደንግጥ፣ ያስፈልጋል። ሩብ ሰዓት አርፈህ የማይለቅህ ከሆነ ግን አብዝተሃልና ቀንስ። ከመጀመርህ በፊት የአንገት አጥንትህ ደህና መሆኑን ሐኪም ያረጋግጥልህ።

ስለ ሰፈሩ ሰው የምመክርህ ከዘራ እንድትይዝ ነው። ከዘራ ከመውደቅ ይጠብቅሃል፤ ለሚያይህ ሰውም ከሕመም እየተነሣህ መሆኑን ሳትናገር ይነግርልሃል። ከጓደኛ ጋር ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሳይል ግን ሳይጨናነቅ ውጣ፤ ገበያውን ለኋላ አቆየው። መጠጥ ደግሞ፣ አንድ ብርጭቆ ጠጅም ብትሆን፣ በቀጥታ ትንሹን አንጎል ነው የምትመታው፤ ለአሁኑ ተወው።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። በረዶ አንሸራቶኝ ወድቄ ማጅራቴን ተመታሁ። ሳምንታት አልፈዋል። ቀን ደህና ነኝ፤ ሌሊት ወደ ቀኝ ስገላበጥ ግን ጣሪያው ይሽከረከርብኛል። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይቆማል። እቃ ከላይ መደርደሪያ ላይ ለማውረድ ቀና ስልም ይመጣብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ የነገርሽኝ ነገር በጣም ግልጽ ነው፣ ደግሞም መድኃኒቱ ቅርብ ከሆነው ዓይነት ይመስላል። ውስጥ ጆሮ ውስጥ በተፈጥሮ ደቃቅ የካልሲየም ቅንጣቶች አሉ። ጭንቅላት ሲመታ ከቦታቸው ተነቅለው ፈሳሽ ወዳለባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ይገባሉ። በተገላበጥሽ ቁጥር እነሱም ይንከባለሉና አንጎልሽን «እየዞርሽ ነው» ብለው ያታልሉታል። ለአጭር ጊዜ ብቻ መቆየቱና ከጭንቅላት አቀማመጥ ጋር መምጣቱ ዋናው ምልክቱ ነው።

ለዚህ ክኒን አይሠራም። የሚሠራው ቅንጣቶቹን ወደ ቦታቸው የሚመልስ የጭንቅላት አዟዟር ነው። የፈለሰፈው እዚያው አሜሪካ፣ በፖርትላንድ ይሠራ የነበረው ዶክተር ጆን ኤፕሊ ሲሆን፣ መጀመሪያ ብዙ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም ነበር፤ ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል። ባለሙያው ጭንቅላትሽን ወደታመመው ጎን አዙሮ በጀርባሽ ያስተኛሻል። መሽከርከሩ እስኪያልፍ ይጠብቅና ወደ ሌላኛው ጎን ያዞርሻል፣ ቀጥሎ በጎንሽ ሆነሽ ፊትሽ ወደ መሬት እንዲያይ ያደርጋል፣ መጨረሻ ላይ ያስቀምጥሻል። በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ከምት በኋላ የመጣ ሲሆን አንዳንዴ ሁለቱንም ጆሮ ስለሚይዝ መድገም ያስፈልጋል፤ በአንዱ ካልለቀቀሽ ተስፋ አትቁረጪ። ማጅራትሽን ስለተመታሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤትሽ ከቪዲዮ እያየሽ አትሞክሪው። ሐኪምሽን ወደ ቬስቲቡላር ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም ወደ ውስጥ ጆሮና ሚዛን ፊዚዮቴራፒ፣ እንዲልክሽ ጠይቂው። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ልጅሽን ከሥራ አታስቀሪ።

ጥያቄ፦ ከጎንደር። አባቴ 70 ዓመት አልፎታል። ከአምስት ሳምንት በፊት ደረጃ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ፤ ምንም አልሆነም ነበር። ከዚህ ሳምንት ወዲህ ግን ይንገዳገዳል፣ ራሴን ያመኛል ይላል፣ ቀን ሁሉ ያንቀላፋል። ዕድሜ ነው ብለን ትተነዋል።

መልስ፦ ዕድሜ ነው ብላችሁ አትተዉት። ስልኩን እንደዘጋሽ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ነገ አትበሉ። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ቀላል በሚመስል ምት በአንጎልና በሽፋኑ መካከል ደም ቀስ እያለ ለሳምንታት ሊጠራቀም ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም አስፒሪን የሚወስድ ከሆነ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሪው እሱን ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ደሙ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ብዙዎችም ይድናሉ።

ሌሎቻችሁም ይህን ያዙልኝ፦ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የሚደጋገም ትውከት፣ አንድ ጎን መድከም፣ የንግግር መተሳሰር፣ መቀባዠር፣ የሚጥል ሕመም፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ እንደ ውኃ የሚፈስ ነገር ከታየ ስፖርት ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚያስፈልገው።

ጥያቄ፦ ደሴ ነኝ። የመኪና አደጋ ከደረሰብኝ ጀምሮ ለማዞሩ ሜክሊዚን ዓመት ሙሉ ወስጃለሁ። እንዳይጥለኝ ደግሞ ፌኒቶይን ታዞልኛል። ማዞሩ ግን አልተወኝም፤ አሁን አሁን ነገሩ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል።

መልስ፦ ሜክሊዚንም ሆነ ሲናሪዚን ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት የጭንቅ ቀናት ጥሩ ናቸው። ወር ከወር ሲወሰዱ ግን አንጎል ሊማርበት የሚገባውን መልእክት ያፍኑበታል፤ ያደነዝዛሉም። ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ የምታቆሚበትን ቀን ቁረጡ።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ፌኒቶይኑ ነው። መጠኑ በደም ውስጥ ሲበዛ ራሱ ያንገዳግዳል፤ ነገር ሁለት ሆኖ መታየትና የምላስ መተሳሰርም ያመጣል። በአደጋው የመጣ ነው ስንል የመድኃኒቱ ሆኖ የምናገኘው ብዙ ጊዜ ነው። በፍጹም በራስሽ እንዳታቋርጪው፤ በድንገት ማቆም የሚጥለውን ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። በዚህ ሳምንት ሐኪምሽ ዘንድ ሄደሽ ስለ ሁለት ሁለት ማየትሽ ንገሪው፣ የመድኃኒቱ መጠን በደም ምርመራ የሚለካበት ቦታ ካለም ይላክሽ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን። ስሰግድ ያዞረኛል፤ ወድቄም አውቃለሁ። መተው ደግሞ ይከብደኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ ስግደት ጭንቅላት ወደ ታች ወርዶ ወዲያው ቀና የሚልበት ስለሆነ ለውስጥ ጆሮ ከባድ ፈተና ነው። በጾም ቀን ደግሞ ውኃ ሳይጠጡ ቆይተው ሲነሡ የደም ግፊት ዝቅ ይላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጥላል። ለነፍስ አባትዎ ይንገሩ፤ ለታመመ ሰው የሚያቀልሉበት መንገድ አላቸው። ለጊዜው በመቋሚያ ተደግፈው ወይም ወንበር ላይ ሆነው ጎንበስ ማለት ይችላሉ። የመድኃኒት ሰዓትዎንም ስለ ጾሙ አያሳልፉ። ሲሻልዎ ቀስ ብለው፣ ግድግዳ አጠገብ፣ በጥቂቱ ይመለሱበት። ሶላት ለሚሰግዱ አድማጮቼም ምክሬ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ሳራምደው እጁን እጎትታለሁ፤ ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይጎትቱት። በደከመው ጎን፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ይሂዱ፤ አንድ እጅዎ ቀበቶው ላይ ይሁን። እየሄደ ወሬ አይጠይቁት፤ ለመመለስ ሲያስብ እርምጃው ይጠፋበታል። ነጠላ ጫማውን ተረከዝ ባለው፣ በሚታሰር ጫማ ይለውጡለት። በርጩማ ላይ አያስቀምጡት፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ይሁን። ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ከሆነ ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት ያስበይዱ። ሌሊት መንገዱ ላይ ትንሽ መብራት ይተዉለት። ከአልጋ ሲነሣም ጠርዙ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ግንበኛ ነኝ። ጭንቅላቴን ከተመታሁ አራት ወር ሆነኝ፣ ደህና እሄዳለሁ። ልጆች አሉኝ፤ መቼ ነው ሥራ የምመለሰው?

መልስ፦ መሬት ላይ የሚሠራ ከተገኘ፣ ሐኪምህ ከፈቀደ፣ በግማሽ ቀን ጀምር። ድካም ሚዛንን ስለሚያበላሽ ጠዋት የምትችለውን ከሰዓት ላትችለው ትችላለህ። ከፍታ ግን ሌላ ነገር ነው። ሜዳ ላይ ደህና መሄድ መሰላል ለመውጣት አይበቃም። ዓይንህን ጨፍነህ እግርህን ገጥመህ ሠላሳ ሰከንድ ሳትነቃነቅ የማትቆም ከሆነ፣ ወይም ጭንቅላትህን ግራና ቀኝ እያዞርክ ስትራመድ መስመር የምትለቅ ከሆነ፣ ርብራብ ላይ አትውጣ። ይህን ብታልፍም ፈቃዱን የሚሰጥህ የመረመረህ ባለሙያ ነው፤ በተለይ ከአደጋው ወዲህ አንድ ጊዜም ቢሆን ጥሎህ ከነበረ። አሠሪህ ካልገባው ከሐኪምህ ማስረጃ ይዘህለት ሂድ፤ አሸዋ መንፋት፣ ብረት መቁረጥ ወይም እቃ መቆጣጠር ላይ እንዲያሠራህ ጠይቀው።