መጀመሪያ ወንበር ደርድሩ፦ ስለ አማተር ቴአትር የጅማ አድማጮች ጥያቄና መልስ

በስልክ የገቡትን ጥያቄዎች የመለሱልን በጅማ ከአማተር ቴአትር ክበባት ጋር ረጅም ዓመት የሠሩ አዘጋጅ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል፤ መልሶቹን ግን እንዳሉ ትተናቸዋል።

ከቆጪ የደወሉ አድማጭ፦ ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ በሚኒ ሚዲያ ግጥም ከማንበቤ በስተቀር መድረክ አላውቅም። አንድ ክበብ ልገባ አስቤ ሁለት ጊዜ ደጁ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሲፈትኑኝ ምን ይሉኛል?

መልስ፦ በሦስተኛው ይግቡ፣ እህቴ። ፈተና የሚባለው ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ማንበብ ነው። እኔ አዲስ ሰው ሳስነብብ ድምፁን ብዙም አላዳምጥ። የማየው ሌላው ሲናገር እሱ ምን እንደሚያደርግ ነው። ጣቱን የራሱ መስመር ላይ ተክሎ ተራውን የሚጠብቅ አለ፤ ቀና ብሎ የተናጋሪውን ፊት የሚያይ አለ። ይህኛው ቢንተባተብም የምቀበለው እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ የሚገጥምዎትን አስቀድሜ ልንገርዎት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገጸ ባሕርይ አይሰጥዎትም። ወንበር ይደረድራሉ፣ የቀረውን ሰው ቃለ ተውኔት ያነብባሉ፣ ጽሑፉን ይዘው ቃል የጠፋበትን ከጎን ያስታውሳሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይከፋውና ይቀራል። ጽሑፍ ይዞ የሚያስታውስ ሰው ግን ሳያውቀው የሁሉንም ቃል ይሸመድዳል። የአንዷ ተዋናይ ልጅ ሲታመም ወይም ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲወስዳት ማን የሚተካት ይመስልዎታል? በእጄ ካለፉት ጥሩ ተዋንያን በርካቶቹ የገቡት በዚህ በር ነው። እርስዎ ደግሞ መርፌ ይዘው ነው የሚመጡት። ካረጀ መጋረጃ የባላባት ካባ የሚያወጣ ሰው ደጅ ቆሞ ሲመለስ ያየ አዘጋጅ ቢኖር ሮጦ ይይዝዎት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አደራ እልዎታለሁ፤ ሰዓት። ስምንት ሰው ባለበት ትዕይንት አንዱ ሲቀር ሰባቱ ቡና ሲጠጡ ያመሻሉ።

ከአጂፕ የደወለ ወጣት፦ ክበባቱን የት ነው የማገኛቸው?

መልስ፦ ከወጣቶች ማዕከል ጀምር፤ ካጣህ የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድኑ በየቀበሌው ስለነበር መፈለግ አያሻም ነበር፤ በ1990ዎቹ ደግሞ የፀረ ኤድስ ክበባቱ ጭውውት ይዘው እየዞሩ ራሳቸው ያገኙህ ነበር። ዛሬ አንዱ ቡድን ይቋቋማል፣ አንድ ቴአትር ያሳያል፣ ይበተናል። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ልምምድ ላይ ያለውን ፈልግ።

ከጅሬን የደወለ አድማጭ፦ አፌን የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛ ሳነብ የሚስቁብኝ አሉ። በአማርኛ ቴአትር መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ ሐሙስ ገበያ ሂርማታ ውረድ። በአፋን ኦሮሞ ሰላም ያለችህ ሻጭ ዋጋውን በአማርኛ ትነግርሃለች፤ ከጎረቤቷ ጋር በሌላ ትቀልዳለች። የጅማን ሰው መድረክ ላይ እናሳይ ካልን የጅማ ሰው እንደሚናገረው ነው የሚነገረው። የሚስቁትን ተዋቸው። አፋን ኦሮሞ የሚሠራ ክበብ ካገኘህ ደግሞ እዚያም ግባ፤ በሁለት ቋንቋ የሚጫወት ተዋናይ እጥፍ ሥራ አለው።

የቃና ነገር አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ በአማርኛ አፉን የፈታውንም የማይምር ሕመም። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጀማሪ ተዋናይ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን በጩኸት ይጀምርና ትንፋሹ አልቆ መጨረሻውን ይውጠዋል። ተመልካቹ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ሰምቶ ምን እንደሆነ ሳይሰማ ይቀራል። አንድ ክረምት ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ አዳራሽ ስንለማመድ አንዱ ልጅ «አባትህ ትናንት ማታ ሞተ» ማለት ነበረበት። ዝናቡ ጀመረ። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ጆሮ ላይ ባቄላ የሚያፈስሱ ይመስላል። ከኋላ የተቀመጡት «አባቱ ምን ሆነ?» እያሉ ጮኹ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት፤ ሦስቱንም «ሞተ» የምትለው ቃል ጉሮሮው ውስጥ ቀረች። በአራተኛው «አባትህ» የሚለውን በለሆሳስ ጀምረህ ወደ መጨረሻው ውጣ አልኩት። ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲጥል ልምምድ አላቋርጥም፤ ሲበረታ ብቻ ንግግሩን ትተን እንቅስቃሴውን እንሠራለን። አንተም ቤትህ ስታነብ ግሡ ላይ ስትደርስ ትንፋሽ ተርፎህ እንደሆነ ተመልከት።

ከመንደራ የደወሉ አባት፦ ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ክበብ ገብቼ ካልተለማመድኩ ትላለች፤ እየመሸ መምጣቷ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል።

መልስ፦ አንድ ቀን ሳይነግሯቸው ሄደው ከኋላ ይቀመጡ። አባት ሲገባ የሚደናገጥ ክበብ ከሆነ ልጅዎን ይዘው ይመለሱ። ልምምዱ የሚያልቅበትን ሰዓትና ከእሷ ጋር በዚያ መንገድ የሚመለሱት እነማን እንደሆኑ ይጠይቁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ግን ለፈተናው ስትል አንድ ዓመት ብትርቅ አዘጋጁ ቅር አይለውም፤ ቅር ካለው ጥፋቱ የእሱ ነው።

ከቦሳ ኪቶ የደወሉ ወጣቶች፦ አንድ የታወቀ ተውኔት ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉመን በነፃ ልናሳይ ነው። ፈቃድ ያስፈልገናል?

መልስ፦ ያስፈልጋችኋል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን ለሕዝብ ማሳየትም መተርጎምም የደራሲው መብት ነው። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ የእሱ፣ ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያረፉት በ1998 ስለሆነ የእሳቸውን ሥራ የሚፈልግ እስከ 2048 ድረስ መጠየቅ አለበት። በነፃ ስለምታሳዩ ብቻ ጉዳዩን አትዝለሉት። በጽሑፍ ጠይቁ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ምላሹ ከዘገየ የራሳችሁን አጭር ተውኔት ጻፉ፤ የሰፈራችሁን ጉዳይ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ከፈረንጅ አራዳ የደወለች አድማጭ፦ መድረክ ላይ ቃሉ ቢጠፋብኝስ?

መልስ፦ ይጠፋብሻል። ሁላችንም ላይ ደርሷል። ያኔ ወደ መሬት አትዪ፤ አጠገብሽ ያለውን ሰው እዪ። እኔ ወጣት ሳለሁ ቤተሰብ ቡና በሚጠጣበት ትዕይንት መሐል አፌ ተሳሰረ። እናቴን ሆና የምትጫወተው ተዋናይ አየችኝና ሲኒ አቀበለችኝ። «ጠጣና ንገረኝ» አለች፤ ጽሑፉ ላይ የሌለ ንግግር ነው። ሲኒው ባዶ ነበር። ሦስት ጊዜ ፉት አልኩት፤ በሦስተኛው ቃሉ መጣ። ተመልካቹ ምንም አላወቀም። ማታ ቤት ስገባ ግን እውነተኛዋ እናቴ «ያ ቡና ጨው በዝቶበት ነበር እንዴ?» አለችኝ።